ለትንሽ ድርጅት ዌብሳይት የትኛው ሆስቲንግ ይሻላል? ያለ አግባብ ላለመክፈል የሚረዳ ንጽጽር

አንዲት የባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ። ፕሮፎርማ ነው። ከሥሩ "ልጄ፣ እስቲ ይሄን እየው፤ ዋጋው ልክ ነው?" ብለው ጽፈዋል። ማረፊያቸው 9 ክፍል አለው። ዌብሳይታቸው 6 ገጽ ነው። የክፍሎቹ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥርና ካርታ አለው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ፕሮፎርማው እንዲህ ይላል፦ ዶሜይን 6,500 ብር። "ፕሪሚየም ሆስቲንግ 100 ጊጋባይት" 28,000 ብር። "ኤስኤስኤል ሰርተፍኬት" 7,000 ብር። "ቢዝነስ ኢሜይል 10 አካውንት" 9,000 ብር። "ሴኪዩሪቲ ፓኬጅ" 5,500 ብር። ድምሩ 56,000 ብር ነው፤ ያውም በየዓመቱ።

ሴትዮዋ ኢሜይል የሚጠቀሙት ሁለት ሰው ናቸው፤ እሳቸውና ልጃቸው። የዌብሳይታቸው ፋይል በሙሉ ተደምሮ ግማሽ ጊጋባይት አይሞላም። ሻጩ አልዋሸም፤ የዘረዘረው ሁሉ በእርግጥ የሚሸጥ ነገር ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው እሳቸው የማያስፈልጋቸው ወይም በነፃ የሚገኝ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ፕሮፎርማ እጁ ለገባ ሰው ነው።

## የምትገዙት አንድ ነገር አይደለም

"ሆስቲንግ ገዛሁ" ስንል ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር አንድ ላይ ጠቅልለን ነው። ዶሜይን ስማችሁ ነው፤ ሰው አሳሹ ላይ የሚጽፈው አድራሻ። ሆስቲንግ የዌብሳይቱ ፋይሎች የሚቀመጡበት፣ ቀንም ሌሊትም በማይጠፋ ኮምፒውተር (ሰርቨር ይሉታል) ላይ የምትከራዩት ቦታ ነው። ሦስተኛው በራሳችሁ ስም የሚከፈት ኢሜይል ነው።

ሦስቱን ከአንድ ሻጭ መግዛት ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ለያይቶ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ከሆስቲንግ ሻጩ ጋር ብትጣሉ ስማችሁና ኢሜይላችሁ አብረው አይታገቱም።

ዋጋ ለማነጻጸር መነሻ ያስፈልጋል። የዶት ኮም ስሞችን በጅምላ የሚያከፋፍለው ቬሪሳይን የሚባለው ኩባንያ ነው። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጅምላ ዋጋው 10.26 ዶላር ነው። የዶሜይን ስሞችን ደንብ ለሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ለኢካን፣ የሚከፈለው ደግሞ ጥቂት ሳንቲም ነው። ስለዚህ አንድ ዶት ኮም ለሻጩ የሚያስወጣው 10 ዶላር ከምናምን ነው። ክላውድፍሌር የሚባለው ሻጭ ያለ ትርፍ በዚሁ ዋጋ ይሸጣል፤ ሌሎቹ ከ12 እስከ 20 ዶላር። ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው። 15 ዶላር 2,250 ብር ነው። 6,500 ብር የተጠየቃችሁ ከሆነ ከስሙ ጋር ሌላ ምን እንደሚሰጣችሁ ጠይቁ።

## መስፈርቶቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። እኔ ስድስት ነገር አያለሁ። ሁለቱ ከሌሎቹ ይበልጣሉ።

አንደኛ፣ የ5 ዓመት ድምር። ማስታወቂያ ላይ "በወር 3 ዶላር" የሚለው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ውል ብቻ ነው። ያውም የ4 ዓመቱን በአንዴ ከከፈላችሁ። ሲታደስ በወር 10 ወይም 11 ዶላር ይሆናል። እስቲ እናስላው። በ3 ዶላር ለአንድ ዓመት ገዝታችሁ ቀሪውን 4 ዓመት በ11 ዶላር ብታድሱ 36 ሲደመር 528፣ ማለትም 564 ዶላር ትከፍላላችሁ። የ4 ዓመቱን አንድ ላይ ብትከፍሉ ደግሞ 144 ዶላር ነው። በአምስተኛው ዓመት 132 ተጨምሮ 276 ይሆናል። ቅናሽ የሌለው፣ ሁልጊዜ በዓመት 60 ዶላር የሚያስከፍል ሻጭ በ5 ዓመት 300 ዶላር ይወስዳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቅናሹ ራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ረጅሙን ውል ለሚገዛ ይጠቅማል። የሚጎዳው አንድ ዓመት ገዝቶ፣ ረስቶ፣ በራሱ እየታደሰ የሚከፍለውን ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ እንዲህ ነን።

ሁለተኛ፣ ባለቤትነት። ዶሜይኑ በማን ስምና በማን ኢሜይል ተመዘገበ? ይሄ ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል። ብዙ ድርጅት ዌብሳይቱን የሠራለት ልጅ በራሱ አካውንት ስሙን ይገዛለታል። ልጁ ቅን ነው፤ ለማቅለል ብሎ ነው። ከዚያ ልጁ ሥራ ይቀይራል፣ ወይ ውጭ ይሄዳል፣ ወይ ስልኩ ይጠፋል። እድሳቱ ሲደርስ ማሳሰቢያው የሚሄደው ለእሱ ኢሜይል ነው። አንድ የማውቀው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ 7 ዓመት የተጠቀመበት ስም እንዲህ አመለጠው። ስሙ የቢዝነስ ካርዱ ላይ አለ። የሱቁ በር ላይ ተጽፏል። ሁለት ሚኒባስ ላይም ተለጥፏል። ዛሬ ያ አድራሻ የሚከፈተው በማይታወቅ ቋንቋ የቁማር ማስታወቂያ ነው። ባለቤቱ ሚኒባሶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በምላጭ ሲያስልጥ ቆሜ አይቻለሁ።

ሦስተኛ፣ መውጫ። ነገ ሌላ ቦታ ልሂድ ብትሉ ፋይሉን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ? አራተኛ፣ አከፋፈል። በቴሌብር ወይም በባንክ ትከፍላላችሁ ወይስ ቪዛ ካርድ ግድ ነው? አምስተኛ፣ ደንበኛው ያለበት። ገዢያችሁ ቦሌ ነው ወይስ በርሊን? ስድስተኛ፣ ባክአፕና እርዳታ። ሲበላሽ ማን ያነሳል? በየስንት ጊዜው ቅጂ ይያዛል? ቅጂውን መመለስስ ያስከፍላል?

ፍጥነትን ለምን አልጨመርኩም? ለ6 ገጽ ዌብሳይት ፍጥነቱን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ሳይሆን ፎቶው ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ላለ ሰርቨር አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከስልክ እንዳለ የተጫነ የ5 ሜጋባይት ፎቶ ግን በሞባይል ዳታ ሰው አሰልችቶ ያስወጣል።

## በእርግጥ ስንት ያስፈልጋችኋል?

ወደ እንግዳ ማረፊያው እንመለስ። 60 ፎቶ አላቸው። እያንዳንዱ ተጨምቆ 300 ኪሎባይት ቢሆን፣ ሁሉም 18 ሜጋባይት ነው። ዌብሳይቱ የተሠራበት ሶፍትዌር፣ ወርድፕረስ፣ ከነተጨማሪዎቹ 200 ወይም 300 ሜጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ 1 ጊጋባይት ቦታ በቂ ነው፤ 5 ካላችሁ ይተርፋል።

ትራፊኩስ? በቀን 40 ሰው ቢገባ፣ እያንዳንዱ 4 ገጽ ቢያይ፣ አንድ ገጽ 2 ሜጋባይት ቢሆን፣ በቀን 320 ሜጋባይት ነው። በወር 10 ጊጋባይት አይሞላም። በጣም ርካሹ ፓኬጅም ይህን ይችላል።

"አንሊሚትድ" የሚለውም ቃል እንዳያታልላችሁ። ገደብ የሌለው ሰርቨር የለም። ቦታውን ባይገድቡ የፋይሉን ብዛት፣ የሚወስደውን ሜሞሪና ፕሮሰሰር ይገድባሉ። ዝርዝሩ ውሉ ውስጥ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።

"99.9 በመቶ አይጠፋም" ማለት ደግሞ በዓመት 9 ሰዓት ገደማ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ነው። ለእንግዳ ማረፊያ 9 ሰዓት ችግር የለውም። ሦስት ቀን ተኩሉ በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ግን ያማል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ ሻጭ

ትልቁ ጥቅሙ አከፋፈሉ ነው። በብር፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኝ ታገኛላችሁ። ሒሳብ ሠራተኛችሁ ይደሰታል። በአማርኛ ደውላችሁ ታወራላችሁ። ዶት ኢቲ ስም የምትፈልጉ ከሆነም መነሻው እዚሁ ነው፤ እሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ግን ሁለት ነገር አጣሩ። "የሀገር ውስጥ ሆስቲንግ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ እዚህ አይደለም። ሻጩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ካለ ኩባንያ በጅምላ ተከራይቶ እየከፋፈለ ያከራያል። ይህ ነውር አይደለም፤ በመላው ዓለም የሚሠራበት ንግድ ነው። ነገር ግን ሻጩ የዋጋውን ልዩነት "ሰርቨሩ እዚህ ስለሆነ ነው" ብሎ ከነገራችሁ፣ የት እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአይሲቲ ፓርክ የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ፤ እዚያ ከሆነ በግልጽ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው የምንዛሪ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። የ60 ዶላር ሆስቲንግ በ57 ብር 3,420 ብር ነበር፤ በ150 ብር 9,000 ብር ነው። ስለዚህ የዋጋ ጭማሪ ሁሉ ስግብግብነት አይደለም። ጭማሪው ከዶላሩ ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ግን ማስላት መብታችሁ ነው። ሻጩ ዋጋውን ለ2 ዓመት በብር ካጸናላችሁ፣ ከውጭው ትንሽ ቢወደድም እኔ እሱን እመርጣለሁ።

### የውጭ ሼርድ ሆስቲንግ

ሼርድ ማለት አንድ ሰርቨር ላይ ከመቶዎች ጋር መጋራት ነው። ኮንዶሚኒየም በሉት፤ ውኃ ታንከሩ የጋራ ነው። ጎረቤት ብዙ ከተጠቀመ እናንተም ጋ ይቀንሳል። ለ6 ገጽ ግን ይበቃል።

ዋጋው ሲጀመር በዓመት ከ30 እስከ 60 ዶላር፣ ሲታደስ ከ100 እስከ 170 ዶላር ገደማ ነው። የዚህ አንዱ ምክንያት ሲፓነል የሚባለው የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በ2019 እ.ኤ.አ. ክፍያውን በአካውንት ብዛት ማድረጉ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሻጮች ዋጋ ጨምረዋል፤ ሌሎች ደግሞ የራሳቸውን ማስተዳደሪያ ሠርተዋል።

ለእኛ ዋናው ፈተና ካርድ ነው። ብዙ ሰው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካርድ ይጠቀማል። እኔም አድርጌዋለሁ። ዘመድ መክፈሉ ክፋት የለውም። አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል መከፈት አለበት። ካርዱ የሚያልቅበትን ወር ጻፉት። ዘመድ አዲስ ካርድ ሲያወጣ አሮጌው አካውንታችሁ ላይ እንደተመዘገበ አያስታውስም። እድሳቱ ይከሽፋል፣ ዌብሳይቱ ይጠፋል፣ እናንተም ከደንበኛ ትሰሙታላችሁ።

ሲገዙ ተጨማሪ ዕቃዎች አስቀድመው ምልክት ተደርጎባቸው ይመጣሉ። የደኅንነት ጥበቃ፣ የፍለጋ ማሻሻያ፣ ተከፋይ ባክአፕ። ሁሉንም አንሱት። ሲያስፈልግ በኋላ መጨመር ይቻላል።

### ዌብሳይት ሠሪ መድረኮች

ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስና መሰሎቻቸው ሆስቲንጉንም ዲዛይኑንም አንድ ላይ ይሰጣሉ። ኮድ አያስፈልግም። እየጎተቱ ማስቀመጥ ነው። ያለ ማስታወቂያ በራሳችሁ ስም ለመጠቀም በወር 16 ወይም 17 ዶላር አካባቢ ይጀምራል። በዓመት ከ190 ዶላር በላይ ማለት ነው። የቀጠራችሁት ሰው ከሌለና ራሳችሁ በየሳምንቱ የምትነካኩት ከሆነ ያዋጣል።

የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ዊክስ ላይ የተሠራ ዌብሳይት እንዳለ ተነስቶ ሌላ ሰርቨር ላይ አይሰፍርም። ለመውጣት እንደ አዲስ መሥራት ነው። ዋጋ ቢጨምሩ ከመክፈል ሌላ ምርጫ አይኖራችሁም።

### ነፃው መንገድ

ይህን ብዙ ሻጭ አይነግራችሁም፤ ኮሚሽን የለውማ። ዌብሳይታችሁ የማይለዋወጥ ገጽ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ሰው አንብቦ የሚደውልበት ከሆነ፣ ሆስቲንግ በነፃ ይገኛል። ክላውድፍሌር ፔጅስና ኔትሊፋይ እንዲህ ያሉ ገጾችን ያለ ክፍያ ያስቀምጣሉ። የምትከፍሉት የዶሜይን ስሙን ብቻ ነው። ያውም ፈጣን ነው፤ ፋይሉ በብዙ ሀገር ባሉ ሰርቨሮች ይባዛል።

ሁሉም ነፃ ግን ለንግድ አይፈቀድም። የቨርሰል ነፃ ፓኬጅ ለግል ሥራ ብቻ ነው። ጊትሀብ ፔጅስም ለኢንተርኔት ሱቅ እንዳይውል ይከለክላል። ውሉን አንብቡ።

ድክመቱ ጽሑፍ ለመቀየር የሚያውቅ ሰው ማስፈለጉ ነው። የክፍል ዋጋ በቀየራችሁ ቁጥር ወደ ልጁ መደወል አለባችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚቀይር ይህ ምንም አይደለም።

### ቪፒኤስ

የራሳችሁ የሆነ የሰርቨር ቁራጭ ነው። በወር ከ4 እስከ 6 ዶላር ይጀምራል፤ ከብዙ ሼርድ እድሳት ይረክሳል። ዋጋውን አይተው የሚዘሉበት አሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰርቨሩን የሚያዘምን፣ ፋየርዎል የሚያስተካክል፣ ባክአፕ የሚይዝ ሰው ከሌላችሁ አትግቡበት። ያ ሰው ካላችሁ ደግሞ ደመወዙን ዋጋው ላይ ደምሩት። ብዙ ዌብሳይት በአንድ ላይ ለሚያስተዳድር ድርጅት ግን የሚወዳደረው የለም።

### የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ብቻ

ለጀማሪ ሱቅ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ማንም ሊያፍር አይገባም። ግን የተከራያችሁት ቤት እንኳ አይደለም፤ በረንዳ ነው። ጉግል ለትንንሽ ድርጅቶች በነፃ ይሰጠው የነበረውን የዌብሳይት መሥሪያ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ዘጋው። በዚያ አድራሻ ካርድ ያሳተመ ሁሉ ካርዱን መቀየር ነበረበት። ሌላ ባትገዙ እንኳ ስሙን ግዙና ወደ ቴሌግራማችሁ እንዲመራ አድርጉት። በዓመት 2,000 ብር ገደማ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ብትሄዱ አድራሻችሁ አይቀየርም።

## በአንድ ገጽ ሲታይ

| አማራጭ | የዓመት ወጪ (ያለ ዶሜይን) | አከፋፈል | መውጫ | የሚያስፈልገው እውቀት |
|---|---|---|---|---|
| የሀገር ውስጥ ሻጭ | ከሻጭ ሻጭ በጣም ይለያያል፤ 9,000 ብርን እንደ መለኪያ ያዙ | ብር፣ ባንክ፣ ቴሌብር | ሲፓነል ከተሰጣችሁ ቀላል | ትንሽ |
| የውጭ ሼርድ | ሲጀመር 30–60፣ ሲታደስ 100–170 ዶላር ገደማ | ዓለም አቀፍ ካርድ | ቀላል | ትንሽ |
| ዌብሳይት ሠሪ | ከ190 ዶላር በላይ | ዓለም አቀፍ ካርድ | ከባድ | የለም ማለት ይቻላል |
| ነፃ የማይለዋወጥ ገጽ | 0 | አያስፈልግም | በጣም ቀላል | ሲሠራና ሲቀየር ባለሙያ |
| ቪፒኤስ | 48–72 ዶላር እና የባለሙያ ክፍያ | ዓለም አቀፍ ካርድ | ቀላል | ብዙ |
| ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም | 0 | አያስፈልግም | የለውም | የለም |

## ለማን የትኛው?

በጀቱ ከ3,000 ብር በታች ለሆነ። ዶት ኮም ግዙና ነፃ ገጽ አሠሩ። አንድ ጊዜ ለሠሪው ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ በየዓመቱ ስሙን ማደስ ብቻ ነው።

ደንበኛው ውጭ ለሆነ አስጎብኚ ወይም ቡና ላኪ። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ይሁን። እዚህ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ገጹ ለውጭ ሰው ይከፈታል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘጋ፣ ሰርቨራቸው ውጭ የነበረ ድርጅቶች ቢያንስ ገጻቸው ይታይ ነበር። መልስ የሚሰጥ ሰው ከውጭ ካለ ደግሞ ሥራው አይቆምም።

ካርድ ለሌለውና ደረሰኝ ለሚፈልግ። የሀገር ውስጥ ሻጭ ይሻለዋል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ማኅበር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ትንሹን ፓኬጅ ግዙ። ከሞላ ማሳደግ ደቂቃ አይፈጅም፤ ትርፍ የከፈሉትን ማስመለስ ግን ዘበት ነው።

በኢንተርኔት ለሚሸጥ። ክፍያ በቴሌብር ወይም በቻፓ የሚቀበል ሱቅ በነፃ ገጽ ብቻ አይሆንም። ከፍ ያለ ሼርድ ወይም በባለሙያ የሚጠበቅ ቪፒኤስ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አትቆጥቡ፤ በየቀኑ ባክአፕ ይኑር።

ኢሜይል ብቻ ለሚያስጨንቀው። ዞሆ ሜይል እስከ 5 ሰው የሚያስተናግድ ነፃ ፓኬጅ አለው፤ በአሳሽና በራሱ መተግበሪያ ብቻ የሚከፈት ነው። የጉግሉ ለአንድ ሰው በወር 7 ዶላር ገደማ ይጀምራል። ከሆስቲንግ ጋር የሚመጣው ኢሜይል ነፃ ቢሆንም ሰርቨሩን የምትጋሩት ሰው ስፓም ከላከ የእናንተም ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዋጋ ዝርዝር በኢሜይል የምትልኩ ከሆነ ለየት አድርጋችሁ ግዙ።

## ፕሮፎርማው ላይ ስታዩት የምትሰርዙት

ኤስኤስኤል ለብቻ ከተጻፈ ሰርዙት። በአሳሹና በዌብሳይቱ መካከል የሚያልፈውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚያደርገው ይህ ሰርተፍኬት ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በነፃ ይገኛል። የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው፤ ደህና ሆስቲንግ ራሱ ያድሰዋል። 7,000 ብር የሚያስከፍል ሥራ የለውም። የዶሜይን ባለቤትን መረጃ የሚሸሽግ አገልግሎትም ብዙ መዝጋቢዎች (የዶሜይን ስም የሚሸጡት) በነፃ ይሰጣሉ። ባክአፕን በተመለከተ፣ ወርድፕረስ ከሆነ አፕድራፍትፕላስ የሚባለው ተጨማሪ በነፃው ፓኬጅ ቅጂውን ጉግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጣል። ጉግል ድራይቭ ደግሞ 15 ጊጋባይት ነፃ ይሰጣል።

የባሕር ዳሯን ሴትዮ ፕሮፎርማ እንዲህ እየሰረዝን ሄድን። ዶሜይን በ15 ዶላር ሒሳብ 2,250 ብር። ትንሹ ሆስቲንግ 9,000 ብር። ኤስኤስኤል ዜሮ። ኢሜይል ሁለት አካውንት፣ ዜሮ። "ሴኪዩሪቲ ፓኬጅ" ምን እንደሚሠራ ሻጩን ጠየቅነው፤ መልሱ "ወርድፕረሱን ማዘመን" ነበር። እሱን ልጃቸው በወር አንድ ጊዜ ቁልፍ ተጭኖ ያደርገዋል። 56,000 የነበረው 11,250 ብር ሆነ። ሴትዮዋ በተረፈው ብር ለ9ኙም ክፍል አዲስ አንሶላ እንደገዙ ነገሩኝ፤ ፎቶውንም ላኩልኝ።

## አሁን ከተወደደ ቦታ ያላችሁ ከሆነ

መጀመሪያ ዶሜይኑ በማን ስም እንዳለ እዩ። ኢካን በራሱ ገጽ ላይ ነፃ መፈለጊያ አለው። ቢያንስ መዝጋቢው ማን እንደሆነና ስሙ መቼ እንደሚያበቃ ያሳያችኋል። ዶት ኮም ከሆነ ለማዛወር የፈቃድ ኮድ የሚባል ያስፈልጋችኋል። መዝጋቢው በ5 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ የኢካን ደንብ ያስገድደዋል። ስሙ ከተመዘገበ 60 ቀን ካልሞላው ግን አይዛወርም።

ስሙ ካለፈበት አትደንግጡ፤ ግን አትቆዩ። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ለጥቂት ሳምንት በመደበኛው ዋጋ ያድሱላችኋል። ከዚያ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ከእድሳቱ በላይ ወፍራም ቅጣት ይጠየቃል። ያም ካለፈ ማንም ይገዛዋል። የመለዋወጫ ሱቁ ስም እንዲህ ነው የሄደው።

ዌብሳይቱን ስታዛውሩ አሮጌውን ወዲያው አትዝጉ። አዲሱ ቦታ ላይ አስፍራችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ስሙን አዙራችሁ፣ ሁለቱን ለአንድ ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን አቆዩ። የአማርኛ ጽሑፍ ካላችሁ አንድ ነገር በደንብ እዩ፦ ጽሑፉ የተከማቸበት ዳታቤዝ ሲገለበጥ የፊደል አቀማመጡ ካልተጠበቀ ግዕዙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። አንድ ገጽ ከፍታችሁ "ሠ"ን እና "ጸ"ን ካያችሁ በኋላ ነው አሮጌውን የምትሰርዙት። ኢሜይሎቹንም መጀመሪያ አውርዱ፤ ዌብሳይቱ ሲዛወር አብረው አይሄዱም።

## ለሻጩ የምትልኩት መልእክት

ይህን እንዳለ ገልብጣችሁ በቴሌግራም ላኩለት። በጽሑፍ መልስ ጠይቁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ አይገኝም።

"ሰላም። ከመክፈሌ በፊት እነዚህን ቢመልሱልኝ። 1. የመጀመሪያው ዓመት ስንት ነው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛውስ? 2. ዶሜይኑ በድርጅቴ ስምና በእኔ ኢሜይል ይመዘገባል? የመዝጋቢው አካውንት ፓስወርድ ይሰጠኛል? 3. ሲፓነል ወይም ሌላ ማስተዳደሪያ መግቢያ ይሰጠኛል? 4. ሰርቨሩ የት ሀገር ነው? 5. ባክአፕ በየስንት ቀኑ ነው፣ መመለስ ያስከፍላል? 6. ኤስኤስኤል ተካቷል? 7. ብወጣ ፋይሎቼንና የፈቃድ ኮዱን በስንት ቀን ትሰጡኛላችሁ? አመሰግናለሁ።"

ሁለተኛውንና ሰባተኛውን ዘሎ ሌላውን ብቻ የመለሰ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋው የፈለገ ቢረክስ ወደ ሌላው እለፉ።